በውሃ በታጠረ ግንብ ውስጥ ጫማዬን አወለቅኩ

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ገበያ ራሴ እወጣለሁ። ሽሮዬን ራሴ አማስላለሁ፤ ሲያርርም ያረረውን ራሴ እበላዋለሁ። ሊፍቱ ሲበላሽ በደረጃ እወጣለሁ፣ የሚያማርሩት ወጣቶቹ ናቸው። መስኮቴን እወለውላለሁ። የሸሚዜን ኮሌታ በእጄ አጥባለሁ። መድኃኒቴን አልረሳም፤ ብረሳም ማታ ትዝ ይለኛል። ዳዊቴን በጣቴ እየተከተልኩ እደግማለሁ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፣ ቢሆንም የራሴ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ባለቤቴ አስካለ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። "ጻፍ፣ እጅህ እንዳይረሳ" ትል ነበር። ይኸው።

ዛሬ ልጄ ትዕግሥት ከምትኖርበት ከኖርድኤንድ ድረስ ወረቀት ይዛ መጣች። ፎልማኽት ይሉታል፣ ውክልና ማለት ነው። ከፈረምኩ ባንኩንም፣ ሐኪሙንም፣ ቤቱንም እሷ ትወስናለች። የት እንደምኖር ጭምር። በብርዱ ወራት ድስት አሳርሬ ጢሱ ደወሉን ካስጮኸው ወዲህ ዓይኗ ሌላ ሆኗል። እሳት አጥፊዎቹ በመጥረቢያ ሊገቡ ሲሉ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እሱን ግን አታወራውም።

አንድ አልተርስሃይም አይታለች፣ የሽማግሌ ማከማቻ። አትክልት ቦታ አለው አለች። አትክልት ምን ያደርግልኛል፣ ፍየል ነኝ እንዴ?

"ላንተው ነው አባዬ። ጣሊያን ሦስታችን ሄደን እንምጣ፣ ስንመለስ መልስህን ትነግረኛለህ" አለች። ጉቦ መሆኑ አልጠፋኝም። ሊና ትሄዳለች ስላለች እሺ አልኩ። ሊና የትዕግሥት ልጅ ናት፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ። እኔ በአማርኛ አናግራታለሁ፣ እሷ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች፣ ደህና እንግባባለን።

ቅዳሜ እኮ ሰኔ ማርያም ናት አልኳት። ቲኬቱ ተቆርጧል አለች። ፍራንክፈርት ከገባሁ ጀምሮ ሰኔ ማርያምን ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ አላውቅም። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ እጄ የጽዳት መድኃኒት እየሸተተ እንኳ ሄጃለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ጣሊያን ነን። የከተማውን ስም ትዕግሥት ደጋግማ ነገረችኝ፣ እኔም ደጋግሜ ረሳሁት። ይሄንን ለእሷ አልነግራትም።

አውሮፕላኑ ጉልበት ማጠፊያ የለውም። ባቡሩ ሞቀኝ። ሆቴሉ ደግሞ ግድግዳው ላይ የራቁት ሴት ሥዕል ተሰቅሏል፣ አልጋዬ ራስጌ። አውርጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኳት።

የሐዋርያት ጾም ላይ ነኝ። እዚህ አገር አይብ የማይነሰንሱበት ምግብ የለም። አስተናጋጁን "ፎርማጆ" ብዬ በእጄ ከለከልኩት፣ ቃሉን ማወቄ ደስ ብሎት በሳህን ሙሉ ጨምሮ አመጣልኝ። አየሁት፣ ሸተተኝ፣ አንገሸገሸኝ። ሊና በሳቅ ፈረሰች። ትዕግሥት "ታማሚ ሰው መጾም የለበትም" አለች። ታማሚ ያደረገኝ ማን ነው? ዳቦና ቲማቲም በላሁ። ቲማቲሙ ጥሩ ነበር፣ ልናገር ግን አልፈለግኩም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21፣ ማርያም

ዛሬ ጽሕፈቴ ከወትሮው ከፍቷል። ከእርጅና አይደለም፣ ከንዴት ነው።

ጠዋት ግንቡን ልናይ ሄድን። ከተማው መሀል ነው፣ ቀይ ጡብ፣ አራት ማማ። ዙሪያውን ውሃ ከቦታል። ውሃ ማለት ያሳፍራል። አረንጓዴ፣ እንደ ቆየ ጎመን ወጥ የተጋገረ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚከረፋ። ፕላስቲክ ጠርሙስ ተንሳፍፎበታል። ሰዉ ድልድዩ ላይ ቆሞ አይስክሬም እየላሰ ያየዋል። አፍንጫዬን በመሐረብ ያዝኩ።

ትዕግሥት ከስልኳ ታነብልኛለች። ድሮ የከተማው ሰው በግብር ተማሮ ሲነሳበት ጌታው ፈርቶ የሠራው ነው አለች። ከሕዝቡ ለመሸሸግ። ቤቱን በውሃ የሚያጥር ሰው ጎረቤት የለውም ማለት ነው አልኳት። ሳቀች። እኔ ቀልዴን አልነበረም።

ከዚያ እስር ቤቱን አሳዩን። ከውሃው እኩል ነው፣ ከመሬት በታች። በሩ ሰው በአራት እግሩ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ከጌቶቹ አንዱ የገዛ ወንድሙን እዚያ ዘግቶ አስረጅቶታል አሉ። ግድግዳው ላይ ሰዎች በጥፍራቸው የጫሩት ጽሑፍ አለ። አንድ ጎረምሳና እጮኛው የመስኮቱን ብረት ይዘው፣ ምላሳቸውን አውጥተው ፎቶ ተነሱ። ለዚህ ነው ትኬት የሚቆረጠው? እኔ በደርግ ጊዜ አንድ ሰሞን ቀበሌ ታስሬ ነበር። ሰው የታሰረበት ቤት ይሸታል። ዕድሜ ልኬን ወለል ስወለውል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የሚለቅ ሽታና የማይለቅ ሽታ አውቃለሁ። ወጣሁ።

ላይኛው ፎቅ ደግሞ ጣሪያው በሙሉ ራቁታቸውን የሚታገሉ ወንዶች ናቸው። አንገት እንዳይደክም ብለው መስታወት መሬት ላይ አስቀምጠዋል፣ አጎንብሰህ የሰውዬውን መቀመጫ እንድታይ። በማርያም ዕለት። ሊና "ኦፓ፣ ኩንስት ነው" አለችኝ፣ አያቴ፣ ጥበብ ነው ማለቷ ነው። ጥበቡ ሱሪ ቢኖረው ምን ነበረበት አልኳት።

ከዚያ ነው ትንሿን ክፍል ያየኋት። የጌቶቹ ጸሎት ቤት ነበረች። በሯ ጠባብ ናት፣ ውስጧ ቀዝቃዛ፣ ሰው የለም። ፊት ለፊት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። አሳሳሉ የእኛ አይደለም፣ ዓይኗ ትንሽ ነው። እሷ ግን እሷ ናት። ቀኑ ቀኗ ነው፣ እኔም ቤቷ አልሄድኩም፣ እሷ እዚህ ቆማ ጠበቀችኝ።

ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ደጃፏ ላይ አማተብኩ። ገባሁ፣ ሰገድኩ፣ እንደ አቅሜ። ቀርቤ ደግሞ ከሥሯ ያለውን ግድግዳ ተሳለምኩ። በግንባሬና በከንፈሬ።

የሆነ ነገር ጮኸ። ገመድ አልፌያለሁ ለካ፣ እግሬ ሥር ነበር፣ አላየሁትም። አንዲት ጠና ያለች የጥበቃ ሴት እየጮኸች መጣች፣ ሌላ ወንድ ሬዲዮ ይዞ ተከተላት። ቀና ስል ሊና ከኋላዬ ቆማለች፣ በካልሲዋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። እኔ ሳወልቅ አይታ አውልቃ ነው። ስታየኝ ጫማዋን ጣለችና ቶሎ አጠለቀች።

ትዕግሥት ሮጣ ገባች። ሴትዮዋ ጀርመንኛ ትንሽ ትችላለች። ልጄ በጀርመንኛ እንዲህ አለቻት፦

"ይቅርታ አድርጉልኝ። አባቴ ዴሜንት ነው።"

ይሄን ቃል የማያውቅ የፍራንክፈርት ሽማግሌ የለም። አእምሮው የሄደበት ማለት ነው። ሰዎች ሐኪም ቤት ደጅ ላይ በሹክሹክታ የሚሉት ቃል ነው።

ሴትዮዋ ወዲያው ተለወጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ፈገግ አለች፣ ክንዴን መታ መታ አደረገችኝ። እንደ ሕፃን አባበለችኝ። ጎንበስ ብላ ጫማዬን በእግሬ ልታስገባልኝ ሁሉ ቃጣት። ስትጮህብኝ ሰው ነበርኩ። ስታባብለኝ ግን ቀፈፈኝ፣ ቆዳዬን ገፍፌ ብጥለው በወደድኩ።

ጫማዬን ራሴ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ለትዕግሥት አንድ ቃል አልተናገርኩም።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ተመለስን። አውሮፕላን ላይ ውሃ ትፈልጋለህ ወይ አለችኝ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ሊና በመሀላችን ተቀምጣ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍናለች። ብልህ ናት።

ፕሮይንገስሃይም ቤቴ ስደርስ ሻንጣዬን አላስነካኋትም። በሩ ላይ "አባዬ፣ ለዓርብ አልተርስሃይሙ ጋ ቴርሚን አለን፣ ከዚያ በፊት ወረቀቱን..." አለች። ቴርሚን ማለት ቀጠሮ ነው። በሩን ዘጋሁት። ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት፣ አላላተምኩትም። ያ ይመዝገብልኝ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊቴን ታጠብኩ። ያ የውሃው ክርፋት አፍንጫዬ ውስጥ ቀርቷል።

ሰኞ፣ ሰኔ 23፣ ጊዮርጊስ

ኢድሪስ መጣ። ከእኔ በታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ የአሥመራ ሰው፣ አማርኛ ከእኔ ይልቅ የተማረ። ስለ ጣሊያን ንገረኝ አለ። ነገርኩት፣ ሁሉንም፣ እስከ ቃሏ ድረስ። እንደሚናደድልኝ ጠብቄ ነበር።

ሳቀ። ሳል እስኪይዘው።

"አንተ ተሰማ፣ እኔ በሳምንት ስንት ጊዜ መስጊድ ደጅ ጫማ አወልቃለሁ፣ ወላሂ እኔማ ድሮ ነው ያበድኩት" አለ። ከዚያ ደግሞ የጣሊያን ግድግዳ ምን ምን ይላል፣ ጨው አለው ወይ፣ ጾሙን አላስፈታህም ወይ እያለ አፌዘብኝ። ካልወጣህ አልኩት። አልወጣም፣ ሻዩን አልጨረሰም።

ሲጨርስ ግን ፊቱን አጠቆረና፦

"ልጅህ አምናበት ከሆነ ያለችው ያስፈራል። ዋሽታ ከሆነ ግን ከፖሊስ ነው ያዳነችህ። የትኛው ነው?"

አላውቅም አልኩት።

"እንግዲያ ሳትጠይቃት እንዳትፈርም። ሳትጠይቃት እንዳትኮራም።"

እሱ ከሄደ በኋላ ተናደድኩ። ነገር ሲመዝን እንደ ዳኛ ነው፣ የገዛ ልጁ ግን በዓመት አንዴ ነው የሚደውልለት። ቢሆንም ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። አምናለች ወይስ ዋሽታለች?

ካመነች፣ እስካሁን በፍቅር ያደረገችው ሁሉ ለበሽተኛ ነበር ማለት ነው። ድስቱ። ጾሙ። ጣሊያኑ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ሊና ከትምህርት ቤት መልስ ብቻዋን መጣች። መቼም ብቻዋን መጥታ አታውቅም። እናቷ ልካት እንደሁ ብዬ በጥርጣሬ ገበታ አቀረብኩላት። ሽሮ ሰጠኋት፣ በርበሬው አቃጠላት፣ ጨረሰችው።

በመጨረሻ ጠየቀችኝ፣ በጀርመንኛዋ። ግድግዳውን ለምን ሳምከው?

ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ቤቷ ስለሆነ ነው አልኳት። ሙዚየም ነው እኮ አለችኝ። ታዲያ ሰዎቹ ትኬት መሸጥ ስለጀመሩ እሷ ቤት ትለቅቃለች እንዴ አልኳት። አሰበች። ግድግዳው ግን እሷ አይደለም አለች። አይደለም፣ ግን የእሷን በር ነው የምታንኳኳው፣ በግንባርህ ነው የምታንኳኳው አልኩ። ከዚያ ቃል አለቀብኝ። እኔ እናቴ ስታደርግ አይቼ ነው ያደረግኩት። ማን አስረድቶኝ ያውቃል?

አንቺስ ጫማሽን ለምን አወለቅሽ አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። "ቫይል ዱ" አለች። አንተ ስላወለቅክ፣ ሌላ ምን አለ፣ ማለቷ ነው።

ስትሄድ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደረጃውን ስትወርድ ሰማሁ። በሊፍት አልሄደችም።

ዓርብ፣ ሰኔ 27፣ መድኃኔ ዓለም

ትዕግሥት መጣች። የቢሮ ልብሷን ለብሳ፣ ከሥራ ቀርታ። ቴርሚኑ ለከሰዓት ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ እስክሪብቶውንም፣ ክዳኑን ከፍታ። ክዳኑን ከፍታ ማስቀመጧ ደሜን አፈላው።

ክዳኑን ገጠምኩት። ተቀመጪ አልኳት። ተቀመጠች። ከጣሊያን ወዲህ ያወጣሁላት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

"ያን ቀን ለሴትዮዋ ያልሽውን አምነሽ ነው ያልሽው ወይስ ዋሽተሽ?"

ዋሽቼ ነው ብላ እንድትገላገል ጠብቄ ነበር። እኔም ተገላግዬ እንድፈርም። እሷ ግን እንደ እናቷ ናት፣ ውሸት አይሆንላትም።

"አላውቅም አባዬ" አለች። "ገብቼ ሳይህ ባዶ እግርህን ነህ፣ ግንባርህን ግድግዳ ላይ ደግፈሃል፣ ነገሩ ይጮሃል፣ አንተ አትሰማም። ለአንድ ደቂቃ እውነት መሰለኝ።"

"ስሳለም እኮ ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስታዪኝ የኖርሽው።"

"ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲሆን አውቀዋለሁ። እዚያ ግን ሰዎቹ እንደሚያዩህ አየሁህ።" እንባዋ መጣ፣ ጠረገችው። "ከዚያ ደግሞ ምን ልበላት? መሳለምን በጀርመንኛ እንዴት እንደሚሉት አላውቅም። በአማርኛም ብትጠይቀኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዴሜንት ስትል ሰው ዝም ይላል።"

"እኔ ዝም እንድባል አልፈልግም" አልኳት።

ውጭ ባቡሩ አለፈ። አስጠላኝ ሁሉ ነገር፣ ወረቀቱም፣ እስክሪብቶውም፣ ያ ግንብም፣ ልታለቅስ የሚቃጣትን ልጄን አባብዬ ማስቆም የማልችል እኔም።

ከዚያ ስለ ሊና አነሳሁ። ሊናስ፣ እሷም ዴሜንት ናት ወይ አልኳት። ሊና ምን አደረገች አለችኝ። አላየችም! ልጇ በካልሲዋ ከኋላዬ ቆማ እንደነበር አላየችም፣ እኔን ብቻ ነው ያየችው። ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፣ ይሄንንም ከአእምሮዬ የፈጠርኩት መስሏት እንደሁ እንጃ። ለሊና ደወለች። በጀርመንኛ ጠየቀቻት። ከዚያ ስልኩን ዘጋች።

"ምን አለችሽ?" አልኳት።

"አዎ አለች። እና ለምን ትጠይቂኛለሽ አለችኝ።"

ቴርሚኑን ሰረዘችው። ለዘለዓለም አይደለም፣ ለዛሬ ነው አለች። እሺ ለዛሬ አልኳት። እኔም ለወረቀቱ የምለውን ነገርኳት። ሐኪሙን አንቺ ወስኚልኝ፣ ልቤ ቢቆም እኔ አልኖርም። ባንኩንም፣ ያለውን ታውቂዋለሽ። የቤቱ መስመር ግን ይሰረዝ። የት እንደምኖር አፌ እስካለ እኔ ነኝ የምናገረው። አሰበች። መስመሩ የተሰረዘበት አዲስ ወረቀት አመጣለሁ አለች። ያን ጊዜ አያለሁ አልኳት።

አንድ ነገር ደግሞ አልኳት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነይ፣ ሊናንም ይዘሽ። እኔ ከበሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ። እሺም እንቢም አላለችም። ጫማ ስታደርግ ግን እንደ ልማዷ እየቸኮለች አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28፣ አማኑኤል

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገ ይመጣሉ ወይ አላውቅም። ትዕግሥት ጠዋት "ሊና ፈተና አላት፣ እንይ" ብላ መልእክት ላከች። እንይ የሚባል ነገር እጠላለሁ። ሰው ወይ ይመጣል ወይ ይቀራል።

ያ ግንብ አሁንም ያቅለሸልሸኛል። ዳግመኛ አልሄድም። ማርያምን እዚያ ትቼ መምጣቴ ግን ቅር ይለኛል። ከጎኗ ሰው የለም፣ ገመድ ብቻ።

ብድር አለብኝ። የገንዘብ አይደለም፣ የገንዘብ ብድር ተበድሬ አላውቅም። ራሴ የምመልሰው ብድር ነው፣ በእግሬ።

ኦፈንባህ ከተማ ያሉት ወይዘሮ ዘነቡ ባላቸው ሞቶባቸዋል። አስካለ ስትሞት መጥተው ቤቴ ውለው ያደሩ ሴት ናቸው። ለቅሶ ሳልደርስ ጣሊያን አይብ ሳሸት ነበርኩ። ሰኞ በኤስ-ባን ባቡር እሄዳለሁ፣ ብቻዬን፣ ሁለት ቦታ መቀየር ነው፣ አውቀዋለሁ።

ኢድሪስ የዓይን ሐኪም ቴርሚን አለው። ሲታመም ፈርቶ ነው የሚያፌዘው፣ አሁን ገባኝ። አብሬው እሄዳለሁ። ይሳቅብኝ።

ለእመቤታችን ሰኔዋን ቤቷ ሳልደርስ አልፌያታለሁ። ነገ ጧፍ።

ለዚያች ጠባቂ ሴት ምንም የለብኝም ብዬ ነበር። ግን ጎንበስ ብላ ነበር፣ ለማታውቀው ሽማግሌ ጫማ። ሰላሙን ይስጣት። እዚህ ሆኜ የምከፍለው ይኸው ነው።

ለሊና ያላለቀ መልስ አለብኝ፣ ግድግዳው ለምን እንደሚሳም። ነገ ቄሱን እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸውም የማያውቁት ከሆነ ሁላችንም እናፍራለን።

ለትዕግሥት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ አለብኝ። መሳለም ምን እንደሆነ ለማንም ሰው፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ ሳታፍር መናገር እንድትችል። በሩ ላይ ቆሜ፣ እጇን ይዤ፣ ግንባሯን እስክታስነካ ድረስ።

ይሄን በውክልና የሚከፍልልኝ የለም።